ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት የት ይገባል?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ጥር ወር ላይ፣ አክስቴን ልጠይቅ ገጠር ወረድኩ። ጥር የሰርግ ወር ነው። ከወንዙ ማዶ ሰርግ ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ ዘፈኑም፣ ቀረርቶውም፣ ተኩሱም ሲሰማ አደረ።

ጠዋት አክስቴ እንዝርቷንና ጥጧን ይዛ ወደ መደቧ ስትሄድ ድንገት ቆመች። ከቆርቆሮው ጣሪያ አንዲት ቀጭን የፀሐይ ጨረር ወርዳ መደቡ ላይ አርፋለች። እስከ ትናንት ያልነበረች ናት። «ሌሊት ቆርቆሮውን ጓ ሲያደርገው ድንጋይ የወረወሩ መስሎኝ ነበር እኮ ልጄ» አለችኝ። ቀና ብዬ ሳይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሞላላ ቀዳዳ አየሁ። ከመደቡ በላይ ያለውን የጭቃ ግድግዳ በቢላ ስፈለፍል አረሩ ወጣ። ጫፉ ብዙም አልተጎዳም። ጎኑ ላይ በጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ያለው ጥምዝ ቦይ የጫረው መስመር በደንብ ይታያል።

ጎረቤት ያሉ አንድ አዛውንት መጥተው እጃቸው ላይ አገላብጠው አዩት። «ወደ ሰው የተተኮሰ አይደለም፣ ለደስታ የተተኮሰ ነው። ሰማይ ሰፊ ነው፤ ይቺ ደግሞ አጋጣሚ ናት» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ብዙዎቻችን የምናስበውን ነው የተናገሩት። ጥይቱ ወደ ላይ ሄደ፣ በቃ፣ አለቀ። እኔ ግን ያ አረር ኪሴ ውስጥ ሆኖ ወደ ከተማ ከተመለስኩ በኋላ ነገሩን መተው አልቻልኩም። ዛሬም የማስረዳው በዚያው ምክንያት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በተለምዶ «ጥይት» የምንለው ቀለሁን፣ ባሩዱንና አረሩን አንድ ላይ ነው። ቃታው ሲሳብ ቀለሁ እዚያው ተኳሹ እግር ሥር ይወድቃል። ልጆች የሚለቅሙት እሱን ነው። የሚሄደው አረሩ ነው። የክላሽ አረር ወደ 8 ግራም ይመዝናል፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ነው። ይህም ከድምፅ ፍጥነት እጥፍ ይበልጣል። በዚያች ቅጽበት የያዘው ጉልበት ወደ 2,000 ጁል ነው።

አሁን ምድር ላይ አየር የሚባል ነገር የለም ብለን እናስብ። ጥይቱን የሚጎትተው ስበት ብቻ ነው። እንዲህ ቢሆን ቀጥ ብሎ የተተኮሰ የክላሽ ጥይት 26 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ከዚያ ይመለሳል። ሲመለስ ደግሞ መሬት የሚደርሰው በወጣበት ፍጥነት፣ በዚያው በ715 ነው። የተፈጥሮ ሕግ በዚህ ጉዳይ ምሕረት የለውም። ወደ ላይ ስትወጣ ለስበት ያበደርከውን ጉልበት ስትወርድ አንድም ሳይጎድል ይመልስልሃል። አየር ባይኖር ኖሮ ወደ ሰማይ መተኮስና የራስን አናት አነጣጥሮ መተኮስ አንድ ነበሩ።

ግን አየር አለ። አየር ደግሞ እኛ ስንራመድበት እንደምናስበው ለስላሳ አይደለም። የመኪና መስኮት ከፍቶ እጁን ያወጣ ሰው ያውቀዋል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር አየሩ እየጠነከረ ይመጣል። ለዚያውም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከአፈሙዝ የወጣ የክላሽ አረርን አየሩ ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ከራሱ ከአረሩ ክብደት 50 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ገና 100 ሜትር ሳይርቅ ፍጥነቱ ከ715 ወደ 640 ይወርዳል። ያ ሁሉ ጉልበት አየሩን በማሞቅና በማናወጥ ይባክናል። 26 ኪሎ ሜትር የነበረው ጉዞ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ያበቃል።

ጫፍ ላይ ደርሶ ለአፍታ ይቆማል። ከዚያ መውረድ ይጀምራል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ለዚያውም በሁለት በተቃራኒ መንገድ። አንዱ «በሄደበት ፍጥነት ይመለሳል» ይላል። ሌላው «ደክሞ ስለሚወድቅ ምንም አያደርግም» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ዝናብን እናስብ። ሁለት ኪሎ ሜትር ከፍታ ካለው ደመና የወረደች ጠብታ አየር ባይኖር ኖሮ እኛ ጋ የምትደርሰው በሰከንድ 200 ሜትር ገደማ ፍጥነት ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር እንደ ጥይት በበሳሳን። ግን ትልቋ ጠብታ እንኳ በሰከንድ ከ9 ሜትር ብዙም አታልፍም። ለምን? ስትወርድ ፍጥነቷ እየጨመረ ይሄዳል፤ ፍጥነቷ ሲጨምር የአየሩ ተቃውሞ ያድጋል፤ የሆነ ቦታ ላይ ተቃውሞው ከክብደቷ ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ በኋላ አትፈጥንም። የሚወድቅ ነገር ሁሉ እንዲህ ያለ የፍጥነት ጣሪያ አለው። ጣሪያው ከፍ ወይም ዝቅ የሚለው ነገሩ ለስፋቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እየታየ ነው። ላባ ዝቅተኛ ጣሪያ አለው። በረዶ ከዝናብ ይበልጣል። እርሳስና ብረት ተጠቅጥቆበት የተሠራ ቀጭን አረር ደግሞ በጣም ከፍተኛ ጣሪያ አለው።

ምን ያህል? ይህን ተኩሶ ያየ ሰው አለ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የቆየ ታሪክ ላንሳ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ መርሴን የተባለ መነኩሴና ፔቲ የተባለ የምሽግ ሥራ ኃላፊ መድፍ ቀጥ አድርገው ወደ ሰማይ ተከሉና ተኮሱ። ጥያቄያቸው «ተመልሶ ይወድቅ ይሆን?» የሚል ነበር። የወደቀበትን ቦታ ፈልገው አጡት። ነገሩ የዘመኑን ትልልቅ አሳቢዎች ሳይቀር ሲያነጋግር ቆየ። ጥይቱ በርግጥ ወድቋል። ያጡት እነሱ በጠበቁት ቦታ ስላልወደቀ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጁሊያን ሃቸር የተባለ አሜሪካዊ መኮንን ይህንኑ ጥያቄ በጥንቃቄ ያዘው። ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ባሕር ዳር፣ ውኃ ላይ መድረክ ተሠራ። ሰዎቹን የሚከልል የብረት ጣሪያም ተበጀ። መትረየስ ቀጥ ተደርጎ ወደ ላይ ተደገነ። ውኃው የተመረጠው ጥይቱ ሲወድቅ ፍንጥቅጣቂው እንዲታይ ነው። ከ500 በላይ ጥይት ተተኮሰ። ስንቱ መድረኩ ላይና አጠገቡ ተመልሶ የወደቀ ይመስላችኋል? አራት ብቻ።

ይህች አራት ቁጥር ብዙ ትናገራለች። ሃቸርና ባልደረቦቹ ባለሙያዎች ናቸው። መሣሪያቸው በብረት ተቆልፎ የቆመ ነው። ንፋሱን እያዩ አስተካክለዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ከመቶው አንዱን እንኳ ወደ ተነሳበት መመለስ አልቻሉም። አፈሙዙ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ ጥይቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከ40 ሜትር በላይ ወደ ጎን ሄዷል። ከፍታ ላይ ያለው ንፋስ ደግሞ እታች ከሚሰማን የተለየ ነው። ጥይቱ እዚያ ንፋስ ውስጥ ብዙ ሰከንዶች ይቆያል። በሃቸር ስሌት ለመውጣት 18 ሰከንድ፣ ለመውረድ 31 ሰከንድ ነው፤ በድምሩ 49 ሰከንድ። ሰርግ ቤት ውስጥ አስቡት። ተኩሶ ጠመንጃውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እልልታው ቀልጦ፣ ሰው ትከሻውን መትቶ አመስግኖት፣ ቁጭ ብሎ ጠላውን አንስቷል። ጥይቱ ግን ገና አየር ላይ ነው።

ወደ ፍጥነቱ እንመለስ። ሃቸር ያገኘው ውጤት ተመላሹ ጥይት በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ ይወርዳል የሚል ነው። የእሱ አረር ከክላሽ ትንሽ ይከብዳል፤ የክላሹ በዚያ ከፍታ ከ80 ብዙም አይርቅም። 715 የነበረው ወደ 80 ወረደ ማለት ነው። እፎይ ያሰኛል? አያሰኝም። የሰው ቆዳን ለመብሳት በሰከንድ 60 ሜትር ገደማ ይበቃል። ጉልበቱ ከ2,000 ጁል ወደ 25 ገደማ ቢወርድም፣ ሙሉው 25 ጁል የሚያርፈው ግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር በምታክል ነጥብ ላይ ነው። የትንሿ ጣት ጫፍ ማለት ነው። ወታደር ውጊያ ለማስተው በቂ አይደለም ሊባል ይችላል፤ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ጦር መለኪያ 80 ጁል ገደማ ነበር። ለሕፃን አናት ግን መለኪያው ሌላ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ባሕር ጠለል ነው። እኛ የምንኖረው እዚያ አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እነዚህ ቦታዎች ላይ አየሩ ስስ ነው። ሯጮቻችንን የጠቀመ ስስ አየር፣ ለሚወድቅ ጥይትም መንገድ ይለቃል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሂሳቡ ሲሠራ ተመላሹ ጥይት ከፍሎሪዳው ይልቅ በ12 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፤ ጉልበቱ ደግሞ በሩብ ያህል ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ላይ ጭማሪው አንድ ሦስተኛ ይጠጋል። ስለዚህ ፈረንጅ አገር ተሞክሮ «ይህን ያህል ነው» የተባለ ቁጥር ስታዩ፣ ለእኛ ደጋ ከፍ አድርጋችሁ ቁጠሩት።

መሣሪያውም ይለያያል። የድሽቃ አረር 48 ግራም ገደማ ነው። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ቢወርድ እንኳ ጉልበቱ ከክላሹ አሥር እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለደስታ ሲተኮስ ማየት ያስደነግጠኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ አክስቴ ቀዳዳ። እስከዚህ ድረስ ጥይቱ «ቀጥ ብሎ» ወጣ ብለን ነው ያወራነው። ቀጥ ያለ ተኩስ ግን እውን ሕይወት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ሰርግ ላይ የሚተኩስ ሰው ይጨፍራል፣ ይዘላል፣ በአንድ እጁ ይይዛል፣ እሩምታ ሲለቅ ጠመንጃው ይገፈትረዋል። አፈሙዙ 70፣ 50፣ አንዳንዴም 30 ዲግሪ ላይ ነው። ይህ ልዩነት ሁሉንም ይቀይረዋል።

ምክንያቱን ለመረዳት እንዝርትን ማየት ይጠቅማል። አክስቴ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሹራ ስትለቀው፣ እየተሽከረከረ ሳለ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ሽክርክሩ ሲደክም ነው የሚወላገደው። ጥይትም እንዲሁ ነው። የጠመንጃው ጥምዝ ቦይ የክላሽን አረር በሰከንድ 3,000 ጊዜ ያህል ያሽከረክረዋል። ስለዚህ ጫፉ እንደቀና ይሄዳል። አሁን ቀጥ ብሎ የወጣውን እንመልከት። ጫፍ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ሲሆን እንኳ ሽክርክሩ አልቆመም። ስለዚህ ሹል አፍንጫው ወደ ሰማይ እንዳየ በቂጡ ይወርዳል፣ ወይም ይገለባበጣል። በቂጥ መውረድ አየር ይይዛል፤ ፍጥነቱን ያሳነሰው አንዱ ይህ ነው።

ጋደል ብሎ የተተኮሰው ግን መቼም አይቆምም። ጫፍ ላይ ሲደርስም ወደፊት እየሄደ ነው። አቅጣጫውን ቀስ እያለ እያጠፈ፣ ሹል አፍንጫውን ወደፊት አድርጎ፣ አየሩን እየሰነጠቀ ይወርዳል። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ100 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። አፈሙዙ ይበልጥ ዝቅ ባለ ቁጥር ጥይቱ የመጀመሪያ ጉልበቱን ይበልጥ ይዞ ይደርሳል። የክላሽ ጥይት እስከ 3,000 ሜትር ሊሄድ እንደሚችል የመሣሪያው መመሪያ ራሱ ይናገራል፤ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ደግሞ ገዳይነቱን አይለቅም። «ወደ ላይ ነው የተኮስኩት» የሚለው ቃል እዚህ ጋ ትርጉም ያጣል። ወደ ላይ አልተኮሰም። ወደ ሩቅ ነው የተኮሰው።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ስሌት ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኪንግ ድሩ የሕክምና ማዕከል የነበሩ ሐኪሞች ከ1985 እስከ 1992 ከሰማይ በወደቀ ጥይት የተመቱ 118 ሰዎችን መዝግበዋል። 38ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ የተመቱት ጭንቅላታቸውን ነው። ከሦስቱ አንዱ ገደማ ሞተ ማለት እኮ ከተራ የጥይት ቁስል የባሰ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ ጥይት እጅ፣ እግር፣ ሆድ ሊያገኝ ይችላል። ከላይ የሚመጣው ግን መጀመሪያ የሚያገኘው አናትንና ትከሻን ነው። በ1999 አሪዞና፣ ፊኒክስ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ቤቷ ግቢ ቆማ እያለ እንዲህ ሞተች። በዓመቱ ግዛቲቱ በስሟ የሚጠራ ሕግ አወጣች፤ በከተማ ውስጥ በቸልተኝነት መተኮስ ከባድ ወንጀል ሆነ። በ2007 ኢራቅ የእስያ ዋንጫን ስትወስድ ባግዳድ ውስጥ ሕዝብ በደስታ ተኮሰ፤ በዚያ ምሽት ቢያንስ 4 ሰዎች ሞቱ። ዋንጫ ያገኘ ሕዝብ ለቅሶ ተቀመጠ።

እኛ ጋ ተኩስ ከደስታም ከሐዘንም ጋር የቆየ ነገር ነው። ሙሽራ ሲመጣ ይተኮሳል። ጀግና ሲቀበር ይተኮሳል። ይህን ባሕል የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ በዚያው ውስጥ ነው ያደግኩት። ግን ክብር የሚሰጠው ድምፁ ነው እንጂ አረሩ አይደለም። የመንግሥት በዓል ላይ 21 ጊዜ መድፍ ሲተኮስ አስተውላችሁ ከሆነ፣ የሆነ ሰፈር ላይ አረር አይወድቅም። ባሩድ አለው፣ አረር የለውም። ድምፁ ግን ደረት ያርገበግባል። ጉዳዩን የሚያውቁ ወታደሮች እንዲህ የሚያደርጉት ስለሚፈሩ ሳይሆን አረሩ የት እንደሚገባ ስለሚያውቁ ነው።

ተኩስ በሚበዛበት ቀን ለሚኖር ሰው ጥቂት የሚጠቅም ነገር ልበል። የሰርግ ድንኳን ወይም ቅጠል የለበሰ ዳስ ጥይት አያስቆምም። ስስ ቆርቆሮም እንደ አክስቴ ቤት ይበሳል። የተሻለው ኮንክሪት ጣሪያ ያለው ወይም ፎቅ ያለው ቤት ውስጥ ምድር ቤቱ ነው። ልጆችን ከደጅ ማስገባት ያስፈልጋል፤ የተኩሱ ድምፅ ከቆመ በኋላም ቢያንስ አንድ ሁለት ደቂቃ መቆየት። 49 ሰከንዷን አትርሱ።

ሌላው የሐኪሞች ምክር ነው። ከሩቅ የመጣ ጥይት ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። የተመታ ሰው ብዙ ጊዜ ድንጋይ የመታው ይመስለዋል። ቀዳዳዋ ትንሽ ናት፤ ፀጉር ይሸፍናታል፤ ደሙም ጥቂት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተኩስ ባለበት ቀን «ድንጋይ መታኝ» ያለ ልጅ ካለ ራሱን በደንብ እዩት፤ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ራጅ ይነሳ። ገብቶ የቀረ ነገር ካለ በእጅ ለማውጣት አትሞክሩ።

ያን ቀን ጠዋት፣ አዛውንቱ ከሄዱ በኋላ፣ አክስቴን ክር ለመንኳት። ከእንዝርቷ ላይ ፈትታ ሰጠችኝ። አንዱን ጫፍ አረሩ ከወጣበት የግድግዳ ቀዳዳ ላይ በሚስማር አሰርኩ። ሌላውን መሰላል ላይ ወጥቼ የጣሪያው ቀዳዳ ድረስ ወጠርኩት። የጥይቱ መንገድ ቤቱ ውስጥ ታየ። በስንዝር ስለካው ክሩ 7 ስንዝር ቁልቁል ሲወርድ 4 ስንዝር ወደ ጎን ሄዷል። 60 ዲግሪ ገደማ ነው። አየር ያደከመው ጥይት ሲወርድ ከወጣበት ይልቅ ቁልቁለቱ ስለሚብስ፣ አፈሙዙ ሲተኮስ ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ነበር ማለት ነው። ወጥቼ የክሩን አቅጣጫ ተከትዬ አየሁ። ወንዙ ማዶ፣ በእግር ከግማሽ ሰዓት በላይ ርቆ፣ የሰርጉ ዳስ ጉብታው ላይ ይታያል።

ተመልሼ ስገባ አክስቴ መደቡ ላይ፣ እንደ ወትሮዋ ቦታዋ ላይ፣ ተቀምጣለች። ክሩ የግራ ትከሻዋን ነክቶ ያልፋል። ቀና ብላ ቀዳዳዋን አየች፤ ከዚያ ክሩን በሁለት ጣቷ ያዘችው። ምንም አላለችም።